ባኩ፦ በሁለት ግንብ መካከል ያለው ጎዳና



በዓለም ላይ ለመኪና እሽቅድምድም ተብለው የተሠሩ ሜዳዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛዎቹ ከከተማ ወጣ ባለ ሰፊ መሬት ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ከመንገዱ የሳተ መኪና ሣር ወይም አሸዋ ላይ ያርፋል። አንዳንድ ከተሞች ግን የዘወትር ጎዳናቸውን ለጥቂት ቀናት አጥረው ለእሽቅድምድም ያውሉታል። ትናንት አውቶቡስ ሲመላለስበት፣ እናት ልጇን ይዛ ስትሻገረው የነበረ መንገድ ዛሬ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩ መኪኖች ይጋልቡበታል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ተመልሶ የእናቲቱና የአውቶቡሱ ይሆናል። ከእነዚህ ከተሞች አንዷ የአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ ናት።

ባኩን የጎበኘነው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024፣ ጎዳናዎቿ በታጠሩበት ሳምንት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሂጅሪያ ካላልን በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥንታዊ መስጂዶቿንና ግንቦቿን ለማየት ሄደን እግረ መንገዳችንን እሽቅድምድሙንም አየን። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት እንደማይቻል የገባን እዚያው ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ በቀስ እናወጋችኋለን።

የነፋስና የነዳጅ ከተማ

ባኩ በካስፒያን ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ አብሼሮን በተባለው ልሳነ ምድር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከውቅያኖስ ወለል 28 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ስለምትገኝ በዓለም ካሉት የአገር ዋና ከተሞች ሁሉ ዝቅተኛዋ ናት። ነዋሪዎቿ የነፋስ ከተማ ይሏታል። ከሰሜን የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ “ኸዝሪ” ይባላል። ኸዝሪ ሲነሳ የሰው ኮፍያ ይወስዳል፤ የሱቅ ሸራ ይገነጥላል።

ከተማዋን ለዓለም ያስተዋወቃት ግን ነዳጅ ነው። በ1846 በባኩ አቅራቢያ ቢቢ ሄይባት በሚባል ቦታ ለነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ በመሣሪያ ተቆፈረ። ሃያኛው ምእተ ዓመት በጀመረበት በ1901 ደግሞ በዓለም ላይ ከሚወጣው ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ከባኩ ይወጣ ነበር። ዛሬ መንገደኛ ቆሞ የሚያደንቃቸው ባለ ጥርብ ድንጋይ ሕንጻዎች በዚያ ገንዘብ የቆሙ ናቸው።

ከዚያ ዘመን ሀብታሞች መካከል የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ስሙን በክብር የሚያነሳው የሐጂ ዘይነልዓቢዲን ታጊየቭ ነው። ታጊየቭ የጫማ ሠሪ ልጅ ሲሆን በልጅነቱ የድንጋይ ሥራ ተምሮ በእጁ ላብ ያደገ ሰው ነበር። ነዳጅ ካበለጸገው በኋላ በ1901 ለሙስሊም ልጃገረዶች ዘመናዊ ትምህርት የሚሰጥ አዳሪ ትምህርት ቤት በባኩ አስከፈተ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ብዙ ተቃውሞ ያስነሳ ነበር። ሕንጻው ዛሬም ኢስቲቅላሊየት በተባለው ጎዳና ላይ ቆሞ የጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ተቋም ሆኖ ያገለግላል። የእሽቅድምድሙ መኪኖች የሚያልፉትም በዚሁ ጎዳና ነው።

ድሮም ሁለት ግንብ ነበራት

የባኩ ጥንታዊ ክፍል “ኢቸሪሸህር” ይባላል፤ “የውስጥ ከተማ” እንደማለት ነው። ዙሪያውን የከበበው የድንጋይ ግንብ በ12ኛው ምእተ ዓመት በሺርቫን ንጉሥ በመኑቸህር ሦስተኛ ዘመን የተሠራ ነው። ሐረር ጀጎልን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ እንግድነት አይሰማውም፦ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን የሚያዩ ሽማግሌዎች። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2000 ኢቸሪሸህርን ከሺርቫን ሻሆች ቤተ መንግሥትና “የልጃገረድ ግንብ” ከሚባለው ረጅም ማማ ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በዚያው ዓመት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት ስላስከተለ ከ2003 እስከ 2009 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተመድቦ ነበር።

በግንቡ ውስጥ ካሉት መስጂዶች አንዱ የሙሐመድ መስጂድ ነው። በሕዝቡ ዘንድ “ሲኒቅቃላ”፣ ማለትም “የተሰበረው ማማ” በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃል። በ1723 የሩሲያ መርከቦች ከተማዋን በመድፍ ሲደበድቡ ሚናራው ተመትቶ ነበርና ስሙ ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። በግድግዳው ላይ ያለው የዐረብኛ ጽሑፍ የተሠራበትን ዓመት 471 ዓመተ ሂጅራ ይለዋል፤ በአውሮፓውያን ከ1078 እስከ 1079 መሆኑ ነው። በመድረሳ የለመድናቸውን ፊደላት እንዲህ ርቀን ሄደን በዘጠኝ መቶ ዓመት ድንጋይ ላይ ስናነባቸው ልባችን ሞቅ አለው።

አሁን የጽሑፋችን ቁልፍ ወደሆነው ነገር እንምጣ። የባኩ ግንብ ድሮ ነጠላ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። ከውስጠኛው ውጪ ሌላ ግንብ ይዞራት ነበር። ይህ የውጪው ግንብ ከተማዋ በነዳጅ ገንዘብ ስትሰፋ በ19ኛው ምእተ ዓመት መገባደጃ ላይ ፈረሰ። ከ2016 ጀምሮ ግን ባኩ በየዓመቱ ለአጭር ጊዜ ሁለተኛ ግንብ ይበቅልላታል። ይህኛው የኮንክሪት ግንብ ነው።

ሁለተኛው ግንብ ሲቆም

ፎርሙላ ዋን የሚባለው የዓለም ታላቁ የመኪና እሽቅድምድም ለመጀመሪያ ጊዜ ባኩ የገባው በጁን 2016 ነበር። ወቅቱ የ1437 ዓመተ ሂጅራ የረመዳን ወር ነበር። የዚያን ዓመቱ “የአውሮፓ ታላቅ ውድድር” ተብሎ ተጠራ፤ ከ2017 ወዲህ “የአዘርባጃን ታላቅ ውድድር” ይባላል። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። መንገዱን የነደፈው ኸርማን ቲልከ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው።

የአንዱ ዙር ርዝመት 6.003 ኪሎ ሜትር ሲሆን 20 ኩርባዎች አሉት። ተወዳዳሪዎቹ ይህንን 51 ጊዜ ይዞሩታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በከተማው እምብርት ነው። የውስጥ ከተማው ከነመስጂዶቹና ከነመኖሪያ ቤቶቹ በእሽቅድምድሙ ቀለበት ውስጥ ስለሚገባ፣ በእነዚያ ቀናት የኢቸሪሸህር ሰው በሁለት ግንብ ተከብቦ ይሰነብታል፦ አንደኛው ዘጠኝ መቶ ዓመት የኖረ፣ ሌላኛው ከውድድሩ በኋላ የሚነሳ።

የዝግጅቱ ሥራ የሚጀመረው ተወዳዳሪዎቹ ከመድረሳቸው ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። የኮንክሪት ብሎኮች በክሬን እየተነሱ በጎዳናው ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። በላያቸው ላይ ስብርባሪ ወደ ሕዝቡ እንዳይፈናጠር ከፍ ያለ ወፍራም የሽቦ አጥር ይቆማል። አደገኛ በሆኑ ኩርባዎች ላይ የግጭቱን ኃይል የሚያለዝቡ መከላከያዎች ይቀመጣሉ። በ2016 ለመጀመሪያው ውድድር በግንቡ ሥር ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ንጣፍ እንዳይጎዳ በጊዜያዊ አስፋልት ተሸፍኖ ነበር። የተወዳዳሪ ቡድኖቹ መኪና የሚጠግኑበትና ጎማ የሚቀይሩበት ሕንጻ ሳይቀር ጊዜያዊ ነው፤ የሚተከለው በአዛድሊቅ አደባባይ በመንግሥት ሕንጻው ፊት ለፊት ነው።

ስድስቱ ኪሎ ሜትር በእግር

እኛም መኪኖቹ ከመውጣታቸው በፊት ቀለበቱን በአጥሩ ዳር ዳር በእግራችን ዞርነው። ዐረብኛ የሚችል አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብሮን ሆኖ ያስተረጉምልን ነበር።

መነሻው በአዛድሊቅ አደባባይ አጠገብ ነው። መንገዱ ወደ ግራ ታጥፎ ጥቂት ከሄደ በኋላ እንደገና ወደ ግራ ይታጠፍና በሕንጻዎች መሐል ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። እስከዚህ ድረስ ሰፊና ቀጥ ያለ የከተማ ጎዳና ነው። ወደ ጥንታዊው ግንብ ሲጠጋ ግን ጸባዩ ይለወጣል። መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ይጠባል፤ ይጠማዘዛል። ስምንተኛው ኩርባ ላይ ስፋቱ 7.6 ሜትር ብቻ ነው። የአንዱ መኪና ስፋት ወደ ሁለት ሜትር ስለሚጠጋ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ለማለፍ አይደፍርም። በአንድ በኩል የጥንቱ ግንብ ማማ ቆሟል፤ በሌላው በኩል የኮንክሪቱ ብሎክ። በ2019 ሻርል ለክሌር የተባለው የሞናኮ ተወላጅ ለመነሻ ቦታ በሚደረገው ማጣሪያ እጅግ ፈጣን ሆኖ ሳለ ከዚሁ ኩርባ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ቀርቷል። እዚህ ቦታ ጥቂት ሳንቲ ሜትር መሳት የቀኑን ሥራ ሁሉ ያጠፋል።

ከግንቡ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርድና እንደገና ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በ1909 ከተመሠረተው የባሕር ዳር መናፈሻ ጎን የሚሄደው ረጅሙ ቀጥታ ጎዳና ነው። ሾፌሩ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ይበራል። በ2016 ቫልተሪ ቦታስ የተባለው ፊንላንዳዊ እዚህ ላይ በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። በሰከንድ ከመቶ ሜትር በላይ መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው “ቢስሚላህ” ብሎ ሳይጨርስ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያልፋል።

የመንገዱ ጠባይ ለመሐንዲሶቹም ፈተና ነው። በጠባቡ ክፍል መኪናው ኩርባውን ይዞ እንዲዞር አየሩ ወደ መሬት እንዲጫነው ያስፈልጋል፤ ለዚህም ክንፎቹ ከፍ ብለው መቆም አለባቸው። በባሕሩ ዳር ግን ያው ክንፍ አየሩን እየገፋ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለአንዱ ያመቻቹት መኪና ለሌላው ይከብዳል። ከዚህ በተጨማሪ በረጅሙ ጎዳና ላይ ጎማውና ፍሬኑ በነፋሱ ይቀዘቅዛሉ፤ ሾፌሩም የቀዘቀዘ ፍሬን ይዞ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ይደርሳል። በዚህ ኩርባ ብዙዎች መቆም አቅቷቸው ቀጥ ብለው አልፈዋል።

የጉድጓዱ ክዳን

የከተማ ጎዳና ከእሽቅድምድም ሜዳ የሚለይበት አንድ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ እሱም በሥሩ የሚያልፈው የፍሳሽ መስመር ነው። ፍሳሽ ባለበት ጉድጓድ፣ ጉድጓድ ባለበት የብረት ክዳን አለ። የእሽቅድምድም መኪና ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ያለ ነው። በፍጥነት ሲያልፍ ከሥሩ ያለው አየር ስለሚሳሳ ወለሉን ወደ ላይ ይመጠዋል። በሚገባ ያልታሰረ ክዳንም አብሮ ይነሳል።

በኤፕሪል 2019 በባኩ የሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ገና እንደተጀመረ አንድ ክዳን ተነስቶ የእንግሊዛዊውን የጆርጅ ራስልን መኪና ወለል ሰባበረው። ሾፌሩ አልተጎዳም፤ ልምምዱ ግን ተቋረጠ። የተሰበረውን መኪና ጭኖ ይመለስ የነበረው የጭነት መኪና ደግሞ ክሬኑ ከአንድ ድልድይ ሥር ተጋጭቶ ዘይቱ በተጫነው መኪና ላይ ፈሰሰበት። በ2023 በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ ከተማ ጎዳና ላይም ተመሳሳይ አደጋ ደርሷል። በ2017 ደግሞ እዚያው ባኩ ውድድሩ በመሐል ቆሞ ከግጭት የወደቀው ስብርባሪ ከመንገዱ እንዲጠረግ ተደርጓል።

ውድ አንባብያን፣ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማስወገድ ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምናስበው እሾህና ድንጋይን ነው። ባኩ ላይ ግን በሚሊዮን የሚገመት መኪና የያዙ ቡድኖች አንዲት የብረት ክዳን ስላልጠበቀች ሥራ ሲፈቱ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ስብርባሪ ተለቅሞ እስኪያልቅ ተቀምጦ ሲጠብቅ ታይቷል። መንገድ ሐቁ ካልተጠበቀለት ማንንም በደኅና አያሳልፍም።

የግንቡ ውስጥ ሰዎች

ዓርብ ዕለት ለጁምዓ ሶላት ወደ ኢቸሪሸህር ገባን። መኪኖቹ ለመጀመሪያው ልምምድ የሚወጡት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ስንወጣ ሰዉ ሁሉ ወደ መተላለፊያ ድልድዮቹና ወደ ምድር ውስጥ መሻገሪያዎቹ ይጎርፋል። ጥቂት ቆይቶ ከግንቡ ማዶ ድምፁ ተነሳ። ርግቦች ከማማው ላይ በአንድ ጊዜ ብር አሉ።

አንድ ምንጣፍ የሚሸጡ አዛውንት ከሱቃቸው ደጃፍ አስቀመጡንና ሻይ ጋበዙን። ሻዩ “አርሙዱ” በምትባለው ወገቧ ቀጠን ባለ ብርጭቆ ከሙራባ ጋር ነው የሚቀርበው። እሽቅድምድሙን እንዴት እንደሚያዩት ጠየቅናቸው።

“ልጆቼ፣ እንግዳ መምጣቱ ደስ ይላል፤ ሻይ ሻጩ ያተርፋል፣ ሆቴሉ ያተርፋል” አሉን። “የኔ ደንበኛ ግን ምንጣፍ ተሸክሞ ድልድይ አይወጣም። ባለቤቴም ለሕክምና ስትሄድ የአሥር ደቂቃው መንገድ አንድ ሰዓት ይሆንባታል። በቤታችን ዙሪያ አጥር ሲተከል ጠይቆን የመጣ ሰው የለም።”

አስተርጓሚያችን ይህን እየተረጎመ ፊቱ ቅር አለው። “አባቴ፣ ይህ ውድድር ባይመጣ እነዚህ እንግዶች ባኩ የት እንዳለች መቼ ያውቁ ነበር?” አላቸው። አዛውንቱ ሳቁ። “እኔ የት እንዳለች አውቃለሁ” አሉት፤ ሻዩንም ደገሙልን።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ከተማዋ በዓለም ፊት ትታያለች፤ ገንዘብም ይገባል። የመንገዱ ዋጋ የሚከፈለው ግን በሌላ ሰው ጊዜና ድካም ነው። ጎዳና የጋራ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ሁሉም ስለሆነ ማን ፈቅዶ ማን እንደሚያጥረው መጠየቅ አለበት። አዛውንቱም የጠየቁት ይህንኑ ነው።

የእሑዱ ውድድር

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውድድሩ ተጀመረ። ያሸነፈው ኦስካር ፒያስትሪ የተባለ የ23 ዓመት አውስትራሊያዊ ወጣት ነበር። በ20ኛው ዙር ገደማ ከፊቱ ይመራ የነበረውን ለክሌርን በረጅሙ ጎዳና መጨረሻ ከኋላ መጥቶ ፍሬኑን እጅግ ዘግይቶ በመያዝ ቀደመው፤ ከዚያ በኋላም እስከ መጨረሻው ቦታውን ሳያስነጥቅ ጠበቀ። ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው ደግሞ ሰርጂዮ ፔሬዝና ካርሎስ ሳይንዝ ጎን ለጎን እየሮጡ ተነካኩና ከኮንክሪቱ ጋር ተላተሙ። መኪኖቹ ተበጣጠሱ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን በእግራቸው ወጡ።

በ2021ም በዚሁ ከተማ ላንስ ስትሮልና ማክስ ቨርስታፐን በረጅሙ ጎዳና ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበሩ በየተራ የኋላ ጎማቸው ፈንድቶባቸው ከግድግዳ ጋር ተጋጭተው ነበር። ሁለቱም በሕይወት ብቻ ሳይሆን በእግራቸው ወጥተዋል።

ይህ እንዲያው በዕድል የሚገኝ አይደለም። እሽቅድምድሙ ብዙ ሕይወት ከፍሎ የተማረው ነው። በ1903 ከፓሪስ ወደ ማድሪድ የተጀመረው እሽቅድምድም በተከፈተ አገር አቋራጭ መንገድ ላይ የሚካሄድ ነበር፤ ተወዳዳሪዎችና መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ስለሞቱ የፈረንሳይ መንግሥት ቦርዶ ከተማ ላይ አስቆመው። ዛሬ ሾፌሩ የሚቀመጠው ከካርቦን ክር በተሠራ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ነው። አንገቱን የሚይዝ መሣሪያ ከ2003፣ ከጭንቅላቱ በላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ሆነዋል። በየኩርባው ባንዲራ የያዙ ሠራተኞች ይቆማሉ፤ የሕክምና መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሁሉም መኪና የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የሚሻገር ሕፃን የለም፤ የሚወጣ በግ የለም። አንድ ስብርባሪ ከወደቀም ሁሉም ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይታዘዛል።

ከአጥሩ ውጪ

በዚያው ምሽት ከመግሪብ በኋላ ወደ ማረፊያችን እየተመለስን ሳለ ከታጠረው ክልል ጥቂት ራቅ ባለ ጎዳና ላይ ሌላ ድምፅ ሰማን። በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በታክሲነት ያገለገለችው ላዳ፣ ቁመቷ ዝቅ ተደርጎ፣ አራት ወጣቶች ጭና እየጮኸች መጣች። ኋላዋ ሌላዋ ትከተላለች። ዳቦ በፌስታል የያዘች አንዲት ሴት መንገዱን ግማሽ ከተሻገረች በኋላ ወደኋላ ዘላ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጣች። ፌስታሉ ወደቀ። መኪኖቹ ዞር ብለው ሳያዩ አለፉ።

ቀኑን ሙሉ ስለ እሽቅድምድሙ ሲያወራልን የዋለው አስተርጓሚያችን ዝም አለ። ሴትየዋ ዳቦዋን ስታነሳ ረዳትና ተመልሶ መጣ።

“በክፍላችን አንድ ልጅ ነበር” አለን። “በእንዲህ ያለ ምሽት ነው ያጣነው። መኪና መንዳት ከሁላችንም ይበልጥ ይችል ነበር።”

ሌላ ነገር አልጨመረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ወጣት አንባብያችን ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልን። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ሰው አይቶ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያዞር አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ መኪናው ገና መቆም አልጀመረም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚመታበት ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ይህ በትምህርት ቤት የተማራችሁት የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ለባለ ሙያም ለጀማሪም አያዳላም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያሉትን ሕፃናትና ወጣቶች ከሚገድሉ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ከሟቾቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌተኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቅርፊትም ቀለበትም ባንዲራ ያዥም የላቸውም።

በእሽቅድምድሙ የሚደነቅ ሰው አይወቀስም፤ እኛም ተደንቀን ነው የመጣነው። ነገር ግን የሚደነቀው የትኛው ነው? ፍጥነቱን ማንኛውም ሞተር ይሰጣል። ብርቁ ነገር ፍጥነቱን ማንንም እንዳይጎዳ አድርጎ ማሰር ነው። ለዚህም አንድ ከተማ ሳምንታት ትደክማለች፤ ጎዳናዋን ትዘጋለች፤ ድንጋይዋን ትሸፍናለች፤ እያንዳንዱን የጉድጓድ ክዳን ትመረምራለች። ያም ሆኖ አንዲት ክዳን ታመልጣለች። ይህ ሁሉ በሌለበት ሰፈር፣ ልጆች ከመድረሳ በሚመለሱበት ሰዓት ያንን ፍጥነት መሞከር ከባኩ የተማሩት ነገር አይደለም፤ ባኩ ያጠረችውን አጥር ማፍረስ ነው።

ወላጆችም የድርሻችንን እንውሰድ። ለልጁ የመኪና ቁልፍ የሚሰጥ አባት የእግረኛውንም አደራ አብሮ ይሰጠዋል። ይህንን በቃል ብንነግረውም ልጁ ይበልጥ የሚማረው እኛ መሪ ስንጨብጥ ከሚያየው ነው።

ሰኞ ማለዳ ከከተማዋ ስንወጣ ክሬኖቹ ብሎኮቹን ማንሳት ጀምረው ነበር። ሁለተኛው ግንብ እየተጫነ ይሄዳል። ገና ባልተነሳው አጥር ክፍተት በኩል አንድ ተማሪ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ ግራና ቀኙን አይቶ፣ መንገዱን ተሻገረ። ከዚያች ሰዓት በኋላ እርሱን የሚጠብቀው ኮንክሪት የለም፤ ሾፌሮች ለመንገዱ የሚሰጡት ሐቅ ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) መንገደኛውን ሁሉ በሰላም ቤቱ ያግባልን።